ተሰናብተው ይውጡ

አደራ ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰጪና ተቀባይ። በሕግም በወግም ሲመረመር የኖረው ተቀባዩ ነው። ታማኝ ነው ወይ? ይጠብቃል ወይ? ሲጠየቅ ይመልሳል ወይ? ሰጪውን “ለመሆኑ አንተ እንዴት ነው የምትሰጠው?” ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም የለም። ፍልስፍና እያስተማርኩ አርጅቼ፣ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ያገኘሁት በሟች ወንድሜ ቤት፣ ታጥበው በመስኮቱ ደፍ ላይ በሚደርቁ ባለቀለም ፖፖዎች አጠገብ ተቀምጬ ነው።

የወንድሜን ሚስት ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። ወንድሜ ሲያርፍ የጓሮውን ክፍል ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሳሎኑን ደግሞ ወላጆቻቸው ሥራ ለሚውሉ ሕፃናት ማቆያ አደረገችው። ሶፋዎቹን በሙሉ ወደ እኔ ክፍል ስለገፋቻቸው ማታ ማታ አልጋዬ ጋ የምደርሰው እንደ ፍየል ተንጠላጥዬ ነው። ሳሎኑ ወለል ላይ ስፖንጅ ተነጥፏል፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በሩ አጠገብ፣ አዋቂ ሰው ጎንበስ ካላለ በማይደርስበት ከፍታ፣ የቦርሳ መስቀያዎች ተመትተዋል። ማንበብ ለማይችል ባለንብረት በየመስቀያው ላይ ሥዕል አለ፤ ዓሣ፣ ጃንጥላ፣ ጨረቃ፣ ዶሮ፣ መኪና፣ ኤሊ። ከስድስት ልጅ በላይ አትይዝም። ለምን ሲሏት፣

“ሁለት እጅ፣ ሁለት ጉልበት፣ አንድ ጀርባ አለኝ። ስድስተኛው ደግሞ መቼም ተኝቶ ይሆናል” ትላለች።

ቦታ ሲገኝ ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔን በመነጽሬና በሽበቴ መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ይዤ ሲያዩኝ ፈታኙ እመስላቸዋለሁ። እሷ ደግሞ ጥግ ላይ ካሮት ስለምትልጥ ሠራተኛ ትመስላቸዋለች። ስለዚህ ንግግሩ ሁሉ ወደ እኔ ይጎርፋል። አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣

“ልጄ እስከ ሃያ ይቆጥራል” አለኝ።

“ከስንት ጀምሮ?” አልኩት። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም።

ሌላዋ እናት፣ “እዚህ ምን ምን ቋንቋ ይሰጣል?” ብላ ስትጠይቀኝ መልሱ ከካሮቱ በኩል መጣ።

“ሁለት ዓረፍተ ነገር እናስተምራለን እመቤቴ። ‘የኔ ነው’ የሚለውን ይዘውት ይመጣሉ። ‘ተራዬ ነው’ ወደሚለው ለማሻገር ዓመት ይፈጃል።”

እትዬ ብዙ አትጠይቅም። እየላጠች ታያለች። ልጁ ሲወድቅ ወደ ማን እንደሚዞር፣ ንፍጡን ማን እንደሚጠርግለት፣ ሲጠየቅ ማን እንደሚመልስለት ታያለች። መጨረሻ ላይ ቢላዋዋን ታስቀምጥና፣ “በሉ እስኪ፣ ልጁን እዚህ ትታችሁ እስከ ሱቁ ደርሳችሁ ተመለሱ። ታዲያ ተሰናብታችሁ ውጡ” ትላለች። ፈተናው ይኸው ነው።

ቀላል ይመስላል። ግን “ጨዋታ ይዛለች፣ ሳታየኝ ልውጣ” ብሎ የሚያስበው ስንቱ መሰላችሁ! በሥራ ቦታው ሰው የሚያንቀጠቅጥ ግዙፍ ሰውዬ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ እንደ ድመት በጣቶቹ ሲራመድ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ሲመለስ እትዬ ልጁን ስማ፣ ሸኝታ፣ “ቦታ የለንም” ትላለች።

“አለሽ እኮ” አልኳት አንድ ቀን።

“ለልጁ አለኝ ጋሼ። ለሌባ ነው የሌለኝ።”

“ምን ሰረቀ?”

“ልቅሶውን ነዋ። ልጅ፣ ሰው ትቶት ሲሄድ አይቶ የማልቀስ መብት አለው። ያለቀሰ ይወጣለታል። ያልተሰናበቱት ግን ቀኑን ሙሉ በሩን ሲጠብቅ ይውላል።”

ከየት እንዳመጣችው አንድ ጊዜ ጨርቅ ስትጨምቅ ነግራኛለች። በልጅነቷ እናቷ አክስቷ ቤት ወስዳት ነበር። “አክስቴ ‘ነይ ጫጩት ላሳይሽ’ አለችኝ። ጫጩቶቹ ቆንጆ ነበሩ፣ መቼም አይረሱኝም። ስመለስ እናቴ የለችም። በማግስቱ መጥታ ወሰደችኝ፤ ምንም አልሆንኩም። ግን እስከ ዛሬ ሰው ‘ነይ ላሳይሽ’ ሲለኝ፣ መጀመሪያ ዞር ብዬ ኋላዬን ነው የማየው።” ጨርቁን አራግፋ ገመዱ ላይ ሰቀለችና ወሬው አበቃ።

ከስድስቱ መስቀያዎች ኤሊዋ ብቻ ባዶ በነበረችበት ወቅት ነው የአውቶቡስ ሹፌሩ የመጣው። ረጅም ነው፤ በመኪናው መስኮት በኩል የሚውለው ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል። በራሷ እግር መሄድ የምትችል ሴት ልጁን ታቅፏል። ስሟ ሌላ ነው፤ እሱ ግን ሚጣ ነው የሚላት። ሚስቱ ባለፈው ዓመት ሞታበታለች። እስካሁን ልጅቷን የያዘችለት እህቱ ባል አግብታ ልትሄድ ነው። እሱ ደግሞ ሰኞ ሥራ ካልገባ አውቶቡሱ ለሌላ ሹፌር ይሰጣል።

“እዚህ ካልሆነልኝ እናቴ ጋ ልልካት ነው” አለ። “ሩቅ ነው እትዬ። በዓመት አንዴ ባያት ነው።”

ሰውየው በልጆች ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ጆሮው ደርሷል። የሚጣን ንፍጥ በጣቱ ጠርጎ ጣቱን በገዛ ሱሪው ሲያብስ የእትዬ ዓይን ፈገግ አለ። ልጅቷም ከእቅፉ ወርዳ የእንጨት ኩቦቹን ትደረድር ጀመር። በልቤ አለቀ፣ ኤሊዋ ባለቤት አገኘች አልኩ።

“በል እንግዲህ፣ እስከ ሱቁ ደርሰህ ተመለስ። ተሰናብተሃት ውጣ” አለችው።

ተነሳ። የልጅቷን ጀርባ አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ያ ሁሉ ቁመት ጎንበስ ብሎ፣ ኮቴውን አጥፍቶ በበሩ ሾለከ።

የእትዬ ፊት ተዘጋ። “የለም” አለች ለካሮቱ።

እኔ ግን ከተቀመጥኩበት የግቢውን ፍርግርግ የብረት በር አያለሁ። ሰውየው ወደ ሱቁ አልሄደም። በሩን ከውጭ በሁለት እጁ ይዞ፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

“ሌባሽ አልሸሸም” አልኳት።

“ምን?”

“ደጃፍ ነው ያለው። ሰርቆ የወጣ ሰው በር አቅፎ አይቆምም።”

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች። እኔም እስከ ደፉ ተከተልኩ። የሽማግሌ ጆሮ ሲፈልግ ይደነቁራል፣ ሲፈልግ ደግሞ ግድግዳ ይበሳል።

“ተሰናብተህ ውጣ አላልኩህም?”

“ብለውኛል እትዬ።”

“ታዲያስ?”

“ምን ብዬ ልሰናበታት?”

“እመለሳለሁ በላታ! ምን ይከብዳል?”

“እናቷ እንደዚያ ብላት ነው የወጣችው” አለ። “ሆስፒታል ስንሄድ። ስማት፣ ‘ሚጣዬ፣ እመለሳለሁ’ ብላት። ያንኑ ቃል እኔ ብደግመው፣ አልመለስም ያልኳት ነው የሚመስላት። ብዙ ጊዜ ልሞክር ብዬ አፌ ላይ ይደርቃል።”

እትዬ ሕጓን ያወጣችው ልጅን ለሚያታልሉ ነው፤ ይህ ሰው ግን ላለማታለል ብሎ ነው አፉን የዘጋው። እኔም እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ስለ ቃል አሰብኩ። “እመለሳለሁ” ስንል በእጃችን በሌለ ነገር፣ በነገ፣ ነው የምንምለው። ያቺ እናትም አልዋሸችም፤ ነገ ነው የከዳት። ይህን ግን ለሦስት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳታል?

“የምትነዳው በየት በኩል ነው?” አለች እትዬ።

“ከመናኸሪያው እስከ ገበያው። እዚህ ማዞሪያው ጋ አልፋለሁ።”

“ደጋግመህ?”

“ቀኑን ሙሉ ነዋ።”

“ክላክስህ ይሠራል?”

“ኧረ እትዬ! ፍሬን እንኳ ቢታማ ክላክሱማ አይታማም።”

“እንግዲያው የማታውን ተወው። የማታውን ማንም አያውቅም። የምታልፍበትን ንገራት።”

ተመልሶ ገባና ልጅቷ ፊት ተንበረከከ። “ሚጣ፣ አባ ሊሄድ ነው። ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ጲጵ ያደርግልሻል። እዚህ ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሁለቴ።”

“ሦስቴ።”

“እሺ፣ ሦስቴ።”

ወጣ። ሚጣ ሰፈር እስኪሰማ አለቀሰች። እትዬ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ “ይኸውልዎት ጋሼ፣ ሰሙ? እንዴት አሳምራ ታለቅሳለች!” አለች ልጅቷን አቅፋ። ለካ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሰውየው አውቶቡሱን አልያዘም። ማዞሪያው ላይ ሲደርስ፣ ያ ጎልማሳ ሰው መሀል መንገድ ቆሞ፣ በገዛ አፉ “ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!” ብሎ ጮኸ። የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ሚጣም እንባዋ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ሳቀች።

ከሰኞ ጀምሮ ኤሊዋ ላይ ቢጫ ቦርሳ ተሰቀለ። አውቶቡሱ ባለፈ ቁጥር ስድስቱም ልጆች “የሚጣ አባት!” እያሉ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ የተኛውም ይነሳል። ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ አቤቱታ ይዞ መጣ።

“በናትሽ እትዬ፣ ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ ጠብቆ ነው እኮ የሚያምባርቅብኝ!”

“እሱ ሳይመጣም መቼ ታገኘው ነበር ቀዳዳውን?” አለችው። ሰውየው እየሳቀ ወጣ።

ታዲያ አንድ ቀን ክላክሱ ቀረ። ጠዋት ተሰምቶ ነበር፤ ከምሳ በኋላ ጸጥ አለ። የጋዜጣዬን አንድ ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። እትዬ መስኮት ልወልውል ብላ ተነሳች፤ ንጹሑን መስታወት እስኪያልቅ ፈተገችው። ልብስ ሰፊው ራሱ ብቅ ብሎ፣ “ሹፌሩ ዛሬ ምነው? ጆሮዬ እኮ ሥራ ፈታ” አለ።

እትዬ መቻል አቃታትና ከሚጣ አጠገብ ቁጢጥ አለች። “ሚጣዬ፣ አባ ዛሬ ጲጵ አላለም አይደል?”

“አላለም።” ሚጣ አሻንጉሊቷን ፖፖ ላይ እያስቀመጠች ነው።

“እና?”

“አውቶቡሱ ደክሞት ተኝቷል።” አሻንጉሊቷን አቃናቻት። “አባ ይቀሰቅሰዋል።”

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጋዜጣዬን አየሁ።

ሌሎቹ ልጆች ተወስደው ሚጣ ብቻዋን ስትቀር የብረቱ በር ሳይንኳኳ ተገፈተረ። ሹፌሩ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ፣ ሸሚዙ ወጥቶ፣ እያለከለከ ገባ። “ሚጣ! ሞተሩ ነው፣ ገበያው ጋ ቆሞብኝ፣ እኔ እኮ አልረሳሁም፣ በእግሬ ነው የሮጥኩት...” መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጀው የመጣው ንግግር ነበር።

ሚጣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ዘረጋችለት። “ጫማዬን እሰርልኝ” አለች።

ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ። ጣቶቹ ግራሶ ስለነኩ ክሩ አልያዝለት አለ። እትዬ ልታግዘው እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

በማግስቱ ጠዋት ሚጣን አምጥቶ በሩ ላይ ጎንበስ አለ። ጲጵ አላለም፤ ስለ ማዞሪያውም አላነሳም። በጣም ቀስ ብሎ፣ “እመለሳለሁ” አላት።

“አውቃለሁ” አለች ሚጣ። ቦርሳዋን ኤሊዋ ላይ ሰቅላ ወደ ኩቦቹ ሮጠች።

ሹፌሩ ባለበት ቆመ። የሚያለቅስለት አጥቶ እሱ ራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለችው እትዬ፣ ፊቷን ወደ ካሮቷ አዙራ። “ተሰናብተሃል፤ ውጣ እንጂ!”