የሞተው ሬዲዮ ዋጋ

«የሞተውን ሬዲዮ እኔ ልቅበርልህ?» አሉ አቶ ቢተው፣ ከዘራቸውን ባንኮው ላይ አጋድመው።

«አንድ ሰው አይቀብርም፤ በእድር ነው» አሉ አሠሪዬ ጋሼ ሙዘይን። «ከአሥር የሬዲዮ ቦርድ አንዱ ይሞታል። ወይ ስንበይደው ይቃጠላል፣ ወይ ከካርቶኑ ሞቶ ይወጣል። የእሱን ኪሳራ ዘጠኙ ተካፍለው ይቀብሩታል።»

«እኔ ሃያ ሬዲዮ አዘዝሁ እንጂ እድር ልግባ አልሁ?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥሁት። አቶ ቢተው ያገሬ ሰው ናቸው። ሬዲዮዎቹን በጭነት መኪናቸው ጭነው ለመስቀል ብቸና ሊገቡ ነው። ዋጋው ከተቆረጠ፣ ለገዢዎቹ እየከፈትሁ እንዳሳይ አብሬ እሄዳለሁ፤ ጋሼ ሙዘይን ቃል ገብተውልኛል። እናቴ ያለችው ከብቸና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ የወጣችሁም፣ አወጣጤን ስሙኝ። የወጣሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። «መቼ ትመጣለህ?» አለችኝ። «ለመስቀል» አልሁ። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት። እህል በጫነ መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ዓባይ በረሃ ወረድሁ። ማዶውን ስንወጣ ዞሬ ባይ አገሬ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሆናለች። ግጥም ልጽፍላት ስንት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ ከዚያች መስመር በኋላ ሁለተኛዋ አትመጣልኝም።

መርካቶ ሌላ ናት። እኛ ዘንድ ሰላምታው ሳያልቅ ዋጋ አይጠራም፤ እዚህ ዋጋው ራሱ ሰላምታ ነው። እርጎው ውኃ ነው። ዝናቡም ቆርቆሮ ላይ ይጮሃል እንጂ እንደኛ አገር አፈር አፈር አይሸትም። አማኑኤል አጠገብ ቤት ስከራይ ደግሞ ባለቤቷ እትዬ ዘነበች በር ላይ ያዙኝ።

«ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«ሁሉም ሲገባ ብቻውን ነው። በወሩ ያገሩ ሰው ይሞላበታል። የሦስት ሰው ትከፍላለህ።»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡማ ተንደላቀህ ትተኛለሃ!»

እስከ ዛሬ የሦስት ሰው እከፍላለሁ። የመጣ የለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሙዘይን ናቸው። እሳቸው ከአንድ ጣሊያን ስለተማሩ ብየዳውን ዛሬም «ሳልዳቱራ» ይሉታል። የሬዲዮ ዋጋ እንዲህ ይታሰባል፤ መጀመሪያ በጅቡቲ ባቡር የመጣው ዕቃ። ቀጥሎ ነጥቡ፤ ቦርዱን ገልብጣችሁ፣ የቀለጠ እርሳስ የምታስነኩትን ነጥብ ሁሉ ትቆጥራላችሁ፤ የእኔ እንጀራ በነጥብ ነው። ከዚያ ለሞተው የሚዋጣው። መጨረሻው ማስለፍለፍ ነው፤ ያለቀለት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ ብየዳው ደካማ ከሆነ ሲሞቅ ይላቀቅና እዚሁ እጃችን ላይ ይሞታል። የባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ ቀን ይበላል። እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። ሁሉም ባንድነት ሲያወሩ ቤቱ ያገሬን የገበያ ቀን ይመስላል፤ በመካከሉ መሲንቆ ሲመጣ መበየጃዬን አስቀምጣለሁ።

አቶ ቢተው ለሞተው የሚዋጣውን ተነጫንጨው ተቀበሉ። ማስለፍለፉ ላይ ሲደርሱ ግን እንደገና ተነሱ።

«ሬዲዮ ነው የምገዛው አዝማሪ? ይሄ ከዋጋው ይውጣ! እንዳለቀ እጭናለሁ።»

«ካልለፈለፈ የቱ እንደሚሞት በምን አውቃለሁ?» አሉ ጋሼ ሙዘይን።

«ይሙታ! ሬዲዮ ሞተብኝ ብሎ ከብቸና መርካቶ ድረስ የሚመጣ ማን አለ?»

ክረምቱን ሥራ ጠፍቶ ነበር የከረመው። ጋሼ ሙዘይን ወደ እኔ ዞሩ። «የምትበይደው አንተ፣ የምትሄደውም አንተ። እኔ እንዳልከው ነኝ።»

አቶ ቢተው ፈገግ አሉ። «በል እንጂ ያገሬ ልጅ! ጋቢና ነው የማስቀምጥህ። ደመራውን ከእናትህ ጋር ታያለህ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትሁ፤ እውነቴን ነው። የችቦው ጭስ ሸተተኝ። ወዲያው ግን እናቴ ደጅ ሰው ሬዲዮ ከቦ ታየኝ፤ ሬዲዮው ድንገት ዝም ሲል፣ አንዱ ጎኑን ሲመታው፣ ሌላው ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ሲያሞቀው፣ እናቴም «ልጄ ነው የሠራው፤ ይናገራል፣ ትንሽ ጠብቁት» ስትል።

«የሚመጣ ስለሌለ ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። «እዚሁ ለሲኒማ ራስ ሰፈር ሰው ቢሆን ሳናስለፈልፍም እንሰጣለን፤ ቢሞትበት ማታውኑ ይዞት ይመጣል። የእኛ ሰው ግን ወዴት ያመጣዋል? ይለፍልፍ።»

«ይኸው! መርካቶ አንድ ጎጃሜ በላች» አሉ አቶ ቢተው። ከዘራቸውን አነሱ። «ሌላ ሱቅ አላጣም። እናትህን ገበያ ላይ አገኛታለሁ፤ ምን ልበልልህ?»

«ለመስቀል ይመጣል በሉልኝ።»

«የትኛው መስቀል?»

እናቴ ያልጠየቀችኝን ጠየቁኝ። መበየጃዬን አነሳሁ። እሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።