ጎንበስ ብዬ ያላየሁት

የኋላ ጎማዎቹ አይዞሩም ነበር። መጀመሪያ የፈራሁት ያኔ ነው። የፊቶቹ ጭቃውን እየቦጨቁ ይሽከረከራሉ፤ መኪናዋ ግን ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንዙ በኩል ትንሸራተታለች። እኔ ድንጋይ ይዤ ታኮ ላደርግ ከኋላ ወርጄ ቆሜያለሁ። ጎማውን አየሁት፤ ሥራ እንደፈታ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ልጄ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ደም እየፈሰሳት የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። መሪውን የያዘው ባሏ ነው።

ጊዜው ክረምት ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ሰፈራችን ከአስኮ አስፋልት ወደ ታች ነው። ኮብልስቶኑ ከላይ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲህ ጭቃ ብቻ ነው። ጎረቤቶች ልጄን በብርድ ልብስ እንሸከማት ብለው ነበር፤ ባዶ እጁን የሚሄደው ሰው ራሱ እየወደቀ እንዴት ይሆናል።

ባሌ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ የሚቀይሱ ሰዎችን ይዞ ገጠር ለገጠር ዞሯል። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ትቶልን የሄደው ቤቱንና ዕድሜዋ ከልጄ የሚበልጥ አንዲት መኪና ነው። እንደ ሳጥን አራት ማዕዘን ናት፤ መስኮቷ በእጅ ይዞራል፣ ወንበሯ ይወጋል፣ ነዳጅ ትጠጣለች። ይዟት የቀረ ጭቃ ግን አላየሁም።

ሰፈር ውስጥ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ነበር የሚሄደው። ማታ ቤት ሲገባ ለእኔ ያወራልኛል። አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ብሆንም አይንቀኝም፣ ያስረዳኛል። "ቁመቷን አትይ" ይለኛል፤ "ቁመትማ የስልክ እንጨትም አለው። ጎንበስ ብለሽ ሥሯን እይ። ከፊትም ከኋላም በጎማዎቹ መሀል ዱባ የሚያህል ብረት ካለ አራቱም ጎማ ይጎትታል። ከሌለ ግን ለአስፋልት ናት። ለአስፋልት ደግሞ ጥሩ ናት፣ አትናቂያት።" ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁት።

የልጄ ባል በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይሠራል። በአሮጌዋ ሞክሮ ነዳጁ ትርፉን በላበት። ሆኖም እንሽጣት ብሎ አልወተወተኝም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሠርቶ ሲመለስ የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ ባሌ የመጣ እየመሰለኝ በር ልከፍት እነሳ ነበር። ከዚያ ለመገላገል ነው የሸጥኳት። የገዟት ደግሞ ከእኛ በታች ብሎኬት የሚያመርቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለዚህ አልተገላገልኩም። በየጠዋቱ በበራችን ታልፋለች።

አዲሷን ለመግዛት ከልጄ ባል ጋር የሄድነው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ነጭ ለብሻለሁ። ደላላው በሩን ከፍቶ አስቀመጠኝ። ወንበሩ ሶፋ ነው። ፊት ለፊት ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር አለ፤ ወደ ኋላ ስትሄድ ከኋላ ያለውን ያሳያል። ቁመቷ ከአሮጌዋ አያንስም።

"እናቴ፣ ፉል ኦፕሽን ናት" አለኝ።

ምን ማለት ነው ስለው የቀራት ነገር የለም ማለት ነው አለኝ። የቀራት ከሌለ ያ ዱባም አላት ማለት ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ለወንበሩና ለካሜራው፣ ጣሪያው ላይ ለሚከፈተውም መስኮት የሚባል ቃል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የልጄ ባል አራቱም ጎማ እንደማይጎትት ያውቅ ነበር፤ እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱም የሚያሳስበው ነዳጁ ነበር። ጎንበስ ልል ነበር። ነጠላዬ እንዳይቆሽሽ፣ ደግሞም ሴትዮዋ ምን ታውቃለች ብለው እንዳይስቁ አፈርኩ።

ሐሰት አልናገርም፤ አዲሷ ቤታችንን አብልታለች። ነዳጅ አትጨርስም። ልጄን ለክትትል ስትወስዳት ውሃ በብርጭቆ ብትይዝ አይፈስባትም። ክረምቱ ሲገባ ባሏ መኪናዋን እላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያሳድራት ጀመር። "ጭቃ አትወድም" ሲለኝ ለማጠቢያው ያሰበ መሰለኝ። የልጄ ወር ሲገፋ፣ መንገዱ ሁለት ቀን ደርቆ አየሁና በድንገት ብታስፈልገንስ፣ ወደ ቤት አስገባት አልኩት። እምቢ ሊለኝ አልደፈረም። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ልጄን ደም የጀመራት በዚያው ጠዋት ነው።

እንግዲህ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ሥሯን አየሁ። ከኋላ አንድ ቀጭን ብረት ከጎማ ጎማ ተጋድሟል፤ ሌላ ምንም የለም። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ወተፍኩት፤ ያዘ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ ግን አላውቅም። ወደ ታች ሮጥኩ። ሁለቴ ወድቄያለሁ መሰለኝ።

ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ነበር። "ጋሼ፣ ልጄ" አልኳቸው። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሱ።

"ያንቺው መኪና ናት፣ ግቢ" አሉኝ።

ጋቢና ገባሁ። ባሌ በመርፌ የሰፋው የወንበሩ ቀዳዳ እንዳለ ነው። ከማርሹ አጠገብ ያለውን አጭሩን ዘንግ ሳብ ሲያደርጉት ያ የማውቀው ወፍራም ድምፅ መጣ። እሱ ከሞተ ወዲህ ከውስጥ ሆኜ አልሰማሁትም ነበር። አለቀስኩ። ሽማግሌው አላዩኝም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

አዲሷ አጠገብ ስንደርስ ገመድ የሚፈልግ ሰው ነበር። እሷን ተዉአት፣ ልጅቷን ወደዚህ አምጧት አሉ ሽማግሌው። ባሏ አቅፎ አመጣት፤ ጭኑ ላይ አስተኛት። ዓይኗን ሳትከፍት "እማ፣ የአባዬ መኪና ናት?" አለችኝ።

"አዎ።"

"አሁንም ይወጋል" አለች።

ያ ዳገት ለአሮጌዋ ዳገት አልሆነባትም። አራቱም ጎማ እየጎተተ፣ ቀስ ብላ፣ አንዴም ሳትንሸራተት አወጣችን። ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ጥርሴ ተጋጨ። ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ጦር ኃይሎች ሰፈርን እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም።

ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ከቤት ሳትነሱም ሕይወቱ አልፎ ሊሆን ይችላል አለችኝ። እውነቷን ይሁን ለእኔ አዝና አላውቅም። እኔ የማስበው ያቺን ድንጋይ ይዤ የቆምኩባትን ሰዓት ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ መካኒክም አይደለሁም። ጎንበስ ማለት ግን እችል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ወጣሁ። ሽማግሌው አልሄዱም፤ መሪው ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ።

"ልጅሽስ?" አሉኝ።

"ተርፋለች ጋሼ። ነቅታ አናገረችኝ። ሕፃኑ የለም።"

ጎንበስ ብለው በሩን ከውስጥ ከፈቱልኝ። የተሰፋው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወጋኝ። እጄ ላይ ያለው ጭቃ ደርቋል። ልጄ ሐኪሞቹ እጅ ላይ ናት፣ ደሙ ቆሟል። ሕፃኑን ባናተርፍም ለእሷ ደርሰናል። አሁን ደህና ነን።