ቡሬ አጠገብ የጎደለው አመድ

ጠዋት፣ ከፍኖተ ሰላም

ከቤት የወጣሁት ክረምቱ የፈረደብንን ለማየት ነው። ከቡሬ ወደ ገጠር በሚገባው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፋብሪካ ምድጃ የሚጣል አመድ ከጥቁር አፈር ጋር ደባልቀን የሙከራ መንገድ ሠርተን ነበር። ይህ አፈር ለጤፍ ሸጋ ነው፤ ለመንገድ ግን አያድርስ! ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል፣ የተነጠፈበትን ጠጠር ሁሉ ይውጣል። አለቃዬ እቅጩን ነግሮኛል፦ ሙከራው ይህን ክረምት ካልቻለ ሥራው ይዘጋል። አፈሩን አውጥቶ ሌላ የሚሞላበት በጀት የለም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ የጋሪ ፈረሶቹን ሳይ ቆየሁ። ታሪፉ እንደገና ጨምሯል፤ ረዳቱ ግን እኛ የጨመርነው ይመስል ተቆጣ።

ቡሬና ከዚያ ወዲያ

ቡሬ ላይ ሽሮ ቀማምሼ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ጥቁሩ አፈር ጋ ስንደርስ እንደምወርድ ቀድሞ አስማለኝ። በበርበሬ ማሳዎች መሀል አልፈን ሙከራው ላይ ስንደርስ ግን ወሬውን ሳያቋርጥ ነዳ። መንገዱ ጠንክሯል፤ ስንጥቅ ፈልጌ አጣሁ። ብቻዬን ስስቅ አይቶ እዚህ አገር እጮኛ አለሽ እንዴ ብሎ አሾፈብኝ።

መጨረሻው ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀርን። ያው ሙከራ፣ ያው ሮለር፣ እዚህ ጋ ግን ማጥ ሆኗል።

ፊት ለፊት ካለው ግቢ አያ አለኸኝ የሚባሉ ገበሬ ወጥተው ባጃጁን ገፉልን፣ ቤት አስገብተው ጠላ ቀዱልኝ። ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ክረምት መንገዱን በዘጋው ቁጥር ከሐኪም እንዳይርቁ ቡሬ ዘመድ ቤት ይሰደዳሉ። ገና አልተመለሱም። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው ስለ ከብቶቹ፣ ስለ በቆሎው አወሩኝ። ለመሄድ ስነሣ ነው የተናገሩት።

ለኮመጠጠ መሬት የሚበተነው ኖራ በየዓመቱ በመኪና መጥቶ እዚሁ ይራገፋል። የእኛም አመድ የተራገፈው እዚሁ፣ የመንገድ ሠራተኞቻችን ለፋሲካ ሊሄዱ ሲሉ ነው። የመንደሩ ሰው ግራጫነቱን አይቶ የዘንድሮው ኖራ ለየት ያለ ነው አለና እንደ ልማዱ ዕጣ ጥሎ ተካፈለው። ሠራተኞቹ ሲመለሱ የተረፈውን ጥቂት ጠራርገው የመንገዱን መጨረሻ አለበሱት።

“ልጄ፣ ያጠፋነው እኛ ነን፤ አመዱ አይደለም” አሉኝ። “ቅጡን። መንገዱን ግን አትከልክሉን።”

አፈርኩ። ሲራገፍ ከእኛ አንድም ሰው ቆሞ ይህ የመንገድ ነው አላላቸውም። ግን ደግሞ ልቤ ተነሣ፤ አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ የጎደለው አመዱ ብቻ። ለማነጻጸር አንዱን ቦታ ያለ አመድ እንተው ብንል ማን ይፈቅድልን ነበር? ከሁለቱም ቦታ ጓል ቆፍሬ በማዳበሪያ ከረጢት ያዝኩ።

ከሳምንት በኋላ፣ ማታ፣ ቤቴ

ሁለቱን ጓሎች አድርቄ፣ በሁለት ሳህን ውኃ ነክሬ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። አመድ የጎደለው እያየነው ተናደ፤ አመድ የጠጣው እንዳለ ቆመ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሥራው ይቀጥል አለ፤ አሁን ግን ከአመዱ በፊት አንቺ ሂጂና ለሕዝቡ አስረጂ ብሎ አከለበት። ከጉዞው የተማርኩትም እሱኑ ነው።

ለአያ አለኸኝ ደውዬ ሥራው እንደሚቀጥል ነገርኳቸው። ስለ ቅጣቱ አልጠየቁኝም። 

“እንግዲያ ባለቤቴ የከርሞውን ክረምት እቤቷ ትከርማለች” አሉ።