ግመሏን ለምን አዩ?

ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስት፣ ብሎ የሚጠራቸው ሂቦ ጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከሐርተሼክ በኩል የሚመጣውን ወተት አሽትተው ብቻ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራሉ።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። አዲስ አበባ ተቀምጠው የአረጋውያንን አእምሮ በኢንተርኔት የሚመረምሩ አጥኚዎች ለጤና ጣቢያው ላፕቶፕ ልከው ነበር። ጤና መኮንኑ መለሰ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጣቸውና፣ "ምንም አይናገሩ ኤዶ፤ ዝም ብለው ስዕሎቹን ይመልከቱ" አላቸው። የላፕቶፑ ካሜራ ዓይናቸው ወዴት እንደሚሄድ ይከታተላል። መጀመሪያ አንድ ስዕል ይታያል፤ ቆየት ብሎ ያው ስዕል ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ይመጣል። የፊተኛውን ያስታወሰ ሰው ዓይኑ ወደ አዲሱ ይሄዳል ነው ነገሩ።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ፦ "የማስታወስ ችሎታቸው ተዳክሟል።" ያነበበችው ልጃቸው ኢልሃን ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ እንዳይወጡ ከለከለቻቸው። ጎረቤቱ ሳይቀር እንደ ሕፃን ቃሉን እያለሳለሰ ያናግራቸው ጀመር።

ሂቦ ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ኢልሃንን አስከትለው መለሰ ፊት ቆሙ።

"ማነው ዘነጋች ያለው?"

"ማሽኑ ነው ኤዶ። አዲሱን ትተው የድሮውን ስዕል አይተዋል፤ በተለይ ግመሏን።"

"አዎ አየኋት! ግቷ በአንድ በኩል አብጧል። የታመመች ግመል ትቼ አጠገቧ ያመጣችሁት የእጅ መታጠቢያ ስዕል ላይ ላፍጥ? ከእሷ በፊት ጃንጥላ ነበር፤ ከጃንጥላው በፊት ቀይ አውቶቡስ፤ ከዚያ በፊት ጥርስ የሌላት አሮጊት። ልጨምር?"

መለሰ ላፕቶፑን ከፍቶ አመሳከረ። አንድም አልሳቱም። ግመሏንም አጉልቶ አያት፤ እውነትም ግቷ አብጧል። አፈረ። "አፉ ይበሉኝ" አለ።

"ላንተስ አፉ ብያለሁ። አፍ እያለኝ ዓይኔን የጠየቁትን ግን ምን ልበላቸው? አንድ ቃል ቢያናግሩኝ ምን ነበረበት?" ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው።

መለሰ ያንኑ ዕለት ለአጥኚዎቹ ጻፈ። መልሱ በወሩ መጣ፦ የአንድ ሰው ውጤት ተለይቶ አይታረምም። ደግሞ ጻፈ፤ የመለሰለት የለም። ቢቸግረው በሂቦ የሕክምና ካርድ ላይ "ይህ ውጤት ትክክል አይደለም" ብሎ በእጁ ጽፎ ፈረመ።

ሂቦ ወደ ገበያቸው ተመልሰዋል። ኢልሃን ይቅርታ ጠይቃ ታርቀዋታል። አጥኚዎቹን ግን ይቅር አላሉም። ለምርመራው የሚሄዱ እኩዮቻቸውን ካገኙ መንገድ ላይ አስቁመው፣ "መጀመሪያ በአፍሽ ይጠይቁሽ፤ ካልጠየቁሽ እንዳትቀመጪላቸው!" ይላሉ።