በጀሶ ላይ የተሳለ ሐረግ

እግሬ የተሰበረው ሊማሊሞ ላይ ነው። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ እኔም ሠላሳ አልሞላኝም። የምነዳው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን፣ ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ሞተር የለወጠለትን የጭነት ማኪና ነበር። ኑግና ጤፍ ጭኜ ከደባርቅ ቁልቁል ስወርድ ገና ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ በሌላው ተራራ። መሪውን ወደ ተራራው አዞርኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ቀድሞኝ ዘለለ፤ ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም። የኔ ቀኝ እግር ግን የተጨማደደው ቆርቆሮ ውስጥ ቀረ። አውጥተው በሌላ ማኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ አስተኝተው ወደ ጎንደር መለሱኝ።

የሰው ነፍስ አልጠፋም። ይህን ሁሉም ይነግረኝ ነበር፤ ሚስቴ፣ የማኪናው ባለቤት፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሾፌር ሁሉ። "ተመስገን በል" ይሉኛል። "ተመስገን" እላለሁ።

ሆስፒታል ከጭኔ እስከ እግሬ ጣት ጀሶ አደረጉልኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ የሚለውን የሚተረጉምልኝ ቁስል የሚያጥበው የጠዳ ሰው፣ ድሬሰሩ ነው። "ሁለት ወር ትተኛለህ፤ ከዚያ ይታያል" አለኝ። ሕመሙ በሁለተኛው ሳምንት ቀለል አለኝ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ዓይኔን ስከድን ጀሶው ውስጥ ያለው እግሬ ፍሬን ይፈልጋል። ወደ ታች ይጫናል፤ የሚረግጠው ነገር የለም። ያን ጊዜ ላብ ያጠምቀኛል። ቀን ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች፤ በሽተኛው ከጠያቂው ጋር ይጫወታል፤ እኔ ግን ቁልቁለቱ ላይ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ቢሰማ ማን ዳግመኛ ማኪና ይሰጠኛል?

እንዲህ እያለሁ ጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንድ መሪጌታ አመጡ። ከጭልጋ በኩል ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ ሲጽፉ የኖሩ ሰው። የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይናቸውን ቀዶ በፋሻ ጠቀለላቸው፤ ራሳቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት አስደገፈላቸው። አሥር ቀን በጀርባቸው ሊተኙ ነው። አንዲት ልጃቸው ጠዋትና ማታ መጥታ ታጎርሳቸዋለች፤ ከዚያ ሌላ ድምፃቸው አይሰማም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ "ጎኔ ያለኸው ማን ነህ?" አሉ።

"ሾፌር ነኝ፣ መሪጌታ።"

"ምነው አልጋህ እንዲህ ይንቋቋል?"

ፊታቸው በፋሻ ተሸፍኗል፤ አያዩኝም። ለዚህ ይመስለኛል የተናገርኩት። "እግሬ ነው" አልኩ። "ፍሬን ይፈልጋል።"

አልሳቁም። "እጅህስ? ደህና ነው?" አሉ።

"እጄ ደህና ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲገለጥ፣ ከገጹ ራስጌ ላይ እንደ ጠፍር የሚጠላለፈውን ጌጥ አይተህ ታውቃለህ?"

"በሩቁ።"

"ሐረግ ይባላል። እርሳስና ወረቀት ለምናቸው፤ እነግርሃለሁ።"

"ሥዕል አላውቅም፣ መሪጌታ።"

"ሾፌር ነኝ አላልክም? መንገድ መከተል ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም።"

ድሬሰሩ ሦስት ወረቀትና ምራቅ ሲነካው ወይን ጠጅ ቀለም የሚያወጣ እርሳስ ሰጠኝ። መሪጌታው ጣራውን በማያይ ዓይናቸው እያዩ ይነግሩኛል፤ እኔ እሠራለሁ። መጀመሪያ ነጥብ። በአራት ረድፍ፣ እኩል እኩል። ከዚያ ጠፍሩን ከግራ ማዕዘን አስነስቶ በነጥቦቹ መካከል አግድም ማውጣት። ዳር ሲደርስ አጥፎ መመለስ። ሌላ ጠፍር ሲያጋጥም አንድ ጊዜ በላይ ማለፍ፣ ቀጥሎ ሲያጋጥም በታች፣ ቀጥሎ በላይ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ጫፍ የለም፤ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል።

ሦስቱን ወረቀት በአንድ ቀን አበላሸሁ። "ወረቀት አለቀ" አልኳቸው።

"ሌላ ነጭ ነገር የለም?"

"ጀሶዬ አለ።"

ከንፈራቸው ከፋሻው በታች ሲስቅ አየሁ። "ይለሰልሳል?"

"እንደ ግድግዳ ነው።"

"እንግዲያ እሱ ምን አለው? ሥራበት።"

በማግስቱ ትራስ ተደግፌ ቀና ብዬ ከጭኔ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የሠራሁት፤ ጀሶ አይፋቅም። ነጥቡን ስጨርስ ምሳ መጣ። ጠፍሩን ሳዞር፣ በላይ፣ በታች፣ በላይ እያልኩ በልቤ ስቆጥር፣ ድሬሰሩ ሙቀት ሊለካ መጥቶ ቆሞ ያየኝ እንደነበር የነገረኝ ኋላ ነው። መነሻው ላይ ስደርስ፣ "ገጠመ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ቆይ" አሉ መሪጌታው። "ስትነሳ መጀመሪያ ያጋጠመህን ጠፍር በላይ ነው ያለፍከው በታች?"

"በላይ።"

"መጨረሻ ያለፍከውንስ?"

አየሁት። "እሱንም በላይ።"

"እንግዲያ መሐል ላይ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ በላይ አልፈሃል። ፈልገው።"

ፈለግሁት። ጭኔ ላይ፣ ከዳር ሦስተኛው መታጠፊያ ጋ ነበር። ዓይኑ የታሰረ ሰው ያላየውን ስህተት ከተኛበት አገኘው። እንዴት እንደገረመኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ግን ከዚያ የበለጠ የገረመኝን ያወቅሁት ልጃቸው እራት ይዛ ስትገባ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እግሬ ፍሬን አልፈለገም። አንድ ጊዜም። መቅረቱን ያወቅሁት ሳስበው ብቻ ነው፤ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስታ ነው ብል አላጋነንኩም።

በየቀኑ ሠራሁ። አንዱን ሐረግ ስጨርስ ከታቹ ሌላ እጀምራለሁ፤ መሪጌታው በስድስት ነጥብ የሚሠራውን፣ ከዚያ ጠፍሩ መሐል ለመሐል የሚከፈለውን ነገሩኝ። ጉልበቴን አልፌ እጄ እስከደረሰበት ወረድኩ። ሚስቴ ምግብ ይዛ መጥታ አንሶላውን ስትገልጥ ደነገጠች።

"ምን ሆነሃል? እግርህን መጽሐፍ አደረግኸው እኮ!"

"ሥራ ፈትቼ ነው።"

"ሐኪሙ አይቆጣህም?"

"ሐኪሙ አይቶታል።"

ተጎንብሳ አየችው። ጥልፍ የምታውቅ ሴት ናትና ወዲያው ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ተከተለችው። "ይሄኛው ሸጋ ነው" አለች ከጉልበቴ በላይ ያለውን እያሳየች። "የላይኛው አላማረኝም።" ልክ ነበረች።

እግሬ ፍሬን መፈለጉን ሙሉ በሙሉ አልተወም። እጄ ሲሠራ ይተዋል፤ እርሳሱን ሳስቀምጥ አንዳንዴ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

በአሥረኛው ቀን የመሪጌታውን ፋሻ ፈቱት። መጋረጃ ጋርደው፣ ክፍሉን አጨልመው። ቀኝ ዓይናቸው አየ፤ ግራው ጭጋግ ነው አሉ። መጀመሪያ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩና "ጠቁረሻል" አሏት፤ እሷ አለቀሰች። ትንሽ አረፍ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"ሾፌሩ አንተ ነህ? ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር።"

ልጃቸው ደግፋቸው መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን ጀሶው ላይ ሊያስነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ጎነበሱ። ከላይ ጀምረው እያንዳንዱን ጠፍር በጣታቸው ተከተሉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። እኔም እንደ ተማሪ ጣታቸውን በዓይኔ ተከተልኩ።

"መስመርህ ይወላገዳል" አሉ በመጨረሻ። "ነጥብህም እኩል አይደለም። ለብራና አትሆንም።" ቀና አሉ። "ግን ከመጀመሪያው በቀር አንድም ቦታ መንገድ አልሳትክም።"

በሳምንቱ ወደ አገራቸው ሄዱ። እኔ ሌላ ወር ከቆየሁ በኋላ ጀሶው ተቆረጠ። ሐኪሙ መቀሱን ይዞ ትንሽ አመነታ፣ ለድሬሰሩ አንድ ነገር ነገረው። "በጎን በኩል ቢቆርጠው ሥዕሉ ይተርፋል፤ ይጠንቀቅ ወይ ይልሃል" አለኝ።

"እግሬን ይጠንቀቅልኝ" አልኩት።

ከውስጥ የወጣው እግር የኔ አይመስልም፤ ቀጥኗል፣ ገርጥቷል። ጀሶውን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወሰዱት። አላዘንኩም። ቤቴ ስገባ ግን ሚስቴን መጀመሪያ የጠየቅኳት ወረቀት ነው።

በዓመቱ ወደ መንዳት ተመለስኩ፤ ባለቤቱ ሊማሊሞ አልላከኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። አዘዞ፣ እንፍራንዝ፣ ባሕር ዳር እመላለስ ነበር። ጭነት እስኪሞላ ሌላው ሾፌር ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ደብተር ዘርግቼ ሐረግ እስላለሁ። ይስቁብኝ ነበር፣ ከዚያ ለመዱት።

አንድ ጊዜ ጭነት አድርሼ በጭልጋዋ አይከል አደርኩ። ጠዋት የመሪጌታውን ቤት ጠይቄ በእግሬ ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። በድምፄ አወቁኝ።

"ታዲያ መሪጌታ፣ ይጽፋሉ?"

"የለም። አንድ ዓይን ለመንገድ ይበቃል፤ ለብራና አይበቃም። ጎረቤት ያለው ዲያቆን ይጽፋል፣ እኔ እየሰማሁ አርመዋለሁ።" ደብተሬን ብብቴ ስር አዩት። "እሱ ምንድን ነው?"

ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገለጡት።

"ይህ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለማንም አይደለም።"

"የሚገዛህ አለ?"

"የለም።"

ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "እኔ እኮ አርባ ዓመት ሙሉ ለራሴ አንድም ሐረግ ስዬ አላውቅም" አሉ። "ለደብር ነው፣ ለባለ መጽሐፍ ነው። ሳይነገረኝ እጄን አንስቼ አላውቅም።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ እርሳሱን አምጣ።"

ባዶ ገጽ ገለጡና ነጥብ ጀመሩ። ነጥቦቹ አልተካከሉም፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ተደረበ። አላስጨነቃቸውም። እኔ ሌላ ወረቀት ገንጥዬ ጎናቸው ተቀመጥኩ። አልተነጋገርንም። ልጃቸው ቁርስ ቀርቧል ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችን፤ ሁለተኛውን ጊዜ እንኳ እሳቸው ቀና አላሉም፤ "ይቺን ጠፍር ላጥፍ ነው፣ ቆዪ" ብቻ አሉ።

ደብተሩን ትቼላቸው ወጣሁ፤ ማኪናው ላይ ቆዳ ሲጫን ደረስኩ።