«አየና ገባ» ያለው ማነው?

ጎንደር ላይ ቋንቋ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «የሱ ጆሮ አያርፍም» እያሉ ያሙኛል፤ ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልቀየማቸውም። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ልብ ወለድ ይዘው ቢሮዬ ሲመጡ፣ የመጡት ወደ ትክክለኛው ሰው ነበር።

ሴትዮዋ የአንድ ሟች መምህር ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከጎንደር ወጣ ባለችው በትክል ድንጋይ ከተማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልብ ወለድ ጻፉ። ብቸኛውን የእጅ ጽሑፍ በኮምፒውተር እንዲተይብላቸው ለአንድ ወዳጃቸው ሰጡት። ወዳጅየው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ለሥራ ጎንደር ከተማ የመጣ ሰው ነው። ከዚያ መምህሩ ሞቱ፤ ልብ ወለዱም በወዳጃቸው ስም ታትሞ ወጣ። ሴትዮዋ ዓይናቸው ስለደከመ ጎረቤት ጥቂት ገጽ ሲያነብላቸው የባላቸውን ታሪክ አወቁት። ሰውየው ግን «የምን የእጅ ጽሑፍ? እኔው ነኝ የጻፍኩት» ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። ሚስት ለባሏ መመስከሯ መች ይቀራል ተባለና ቃላቸው ሳይቆጠር ቀረ።

«ልጅ አልሰጠንም» አሉኝ። «ስሙ የሚጠራው በዚች መጽሐፍ ብቻ ነበር። ምነው ይቀማል?»

ደሜ ፈላ። መጽሐፉን ተቀበልኳቸው።

በየገጹ የአገሬው «ሸጋ» አለ። ጀማሪ ተማሪ ቢሆን «ይኸው የአገራችን ሰው!» ብሎ ይጨፍር ነበር። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ሸጋን ማንም ከገበያ ሰምቶ ሊጽፈው ይችላል። ፊደሉም አልጠቀመኝም። መምህሩ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ስለገቡ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይተው ይጽፉ ነበር አሉ፤ ታይፑ ግን ሁሉንም አንድ አድርጎታል። ጠቅላላ መጽሐፉን የተረዳ ሌባ ቢሆን ኖሮ አልይዘውም ነበር። እኔ የምፈልገው ሌባው ያልገባውን ቃል ነው።

አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ደጅ ቆሟል። አየና ገባ። ቤት ያለው ሁሉ ‹ኖር!› ብሎ ብድግ አለ። ‹በእግዜር› ብሎ ጺሙን እየዳሰሰ ተቀመጠ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። በየትኛው አገር ነው ለሕፃን «ኖር» ተብሎ የሚነሳው? ሕፃኑስ ጺሙን ከየት አመጣው? ከዚያ ነገሩ ድንገት በራልኝና ሳቄ ተቋረጠ። የገባው ልጁ አይደለም። መምህሩ የጻፉት «አያ ገባ» ብለው ነው።

እኔ ከጎንደር ገጠር የኮሶዬ ልጅ ነኝ። በደጋው አያ የታላቅ ወንድ መጠሪያ ነው። «አያ እገሌ» ሲባል ከተሜውም ይገባዋል፤ የቤቱ ትልቅ ሰው ግን ስም ሳይጨመርበት አያ ብቻ ይባላል። ደግሞ እኛ አያ ያልነውን ሰው አንተ እንለዋለን። አንቱታ የለመደ ሰው «ገባ» የሚለውን ሲያይ ሽማግሌ መምጣቱን በምን ይጠርጥር? ስለዚህ የተሳሳተ ፊደል ያረመ መስሎት አያን አየ አደረገው፤ እንዲያምር ደግሞ «ና» ጨመረበት። ወረድ ብሎም «አያ ታመመ» የነበረውን «አይቶ ታመመ» ብሎታል። ደራሲ ብዙ ይሳሳታል፤ የራሱን ሽማግሌ ግን ግስ አያደርገውም።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ሲሰበሰቡ ፊታቸው ገጹን ጮክ ብዬ አነበብኩና ሰውየውን ጠየቅሁት፦ «ጺም ያለው ማነው?»

«ልጁ ነዋ» አለ። ትንሽ አሰበና «ጺሙ ምሳሌያዊ ነው» ሲል ጨመረ።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቀጥዬ «አያ ገባ» ብዬ ሳነብ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠና «እሱማ የትየባ ስህተት ነው» አለ።

«ጣት ሲስት ፊደል ይስታል» አልኩት። «ቦታ መርጦ ‹ና› አይጨምርም።»

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ማንንም ሳያስቀይሙ መነሳት ፈለጉና «አንዱ ጽፏል፤ አንዱ ተይቦ አሳትሟል። የሁለቱም ስም ይውጣ» አሉ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ተረጋጋ ልጄ» አሉኝ አንደኛው።

«አባቴ፣ ነግቷል እኮ!» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ሴትዮዋ በእጃቸው ዝም አሰኙኝና ወደ ሰውየው ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ጽፎ ሲጨርስ መጀመሪያ ያነበበው ለእኔ ነው» አሉ። «ያ የገባው ሰው አማቴ ነው፤ የባሌ አባት። አንተ ከገዛ ቤቱ አስወጣኸው፤ መውጣቱንም አላወቅህም። አባቱን ሳታውቅለት ደግሞ ስምህ ከስሙ አጠገብ ይቁም?»

ሰውየው አቀረቀረ።

«መጽሐፉ የመምህሩ ነው» አለ።