ያላነበብኩት ጥራዝ

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋና ሳጣብቅ ስለኖርኩ አንባቢው «ጋሽ ሙጫ» ይለኛል፤ ይበል፣ ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ሰው አውቃለሁ። ወጣቶቹ ሠራተኞች «ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ ምን ምን አነበብክ?» ሲሉኝ፣ «ጠራዥ አያነብም፤ ካነበበ አይጠርዝም» እላቸው ነበር። ኮራ ብዬ ነበር የምለው። ዛሬ ያቺ አባባሌ ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች።

ላወራ የተነሳሁት ግን ስለ ካታሎግ ነው። ካታሎግ ሴት ናት፤ የቤተ መጻሕፍታችን የመደርደሪያ ሠራተኛ። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎች ናቸው። ርዕሱን የረሳ ሰው መጥቶ «ሽፋኑ አረንጓዴ ነው፣ ስለ ንብ ነው» ካላት፣ ቀና ሳትል «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከታች፣ ጀርባው የተላጠው» ትለዋለች። መጽሐፍ ከመደርደሪያ በወጣ ቁጥር ቦታው ላይ ቁራጭ ካርቶን ታቆማለች፤ ማን እንደወሰደው ይጻፍበታል። ካርቶኑን ከጥራዝ ትራፊ የምቆርጥላት እኔ ነኝ፤ ወዳጅነታችንም የተጀመረው በዚያ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተኮራረፍነው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ሙጫ አንጠብጥቤባት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ተኩል አዲስ መመሪያ መጣ። ዲግሪ የሌለው ሰው መደርደሪያ ላይ አይሠራም፤ እየተማረ ያለ ግን እስኪጨርስ በቦታው ይቆያል። ኃላፊያችን በስብሰባ ይህን ነገረንና «ዝርዝሩ መመሪያው ውስጥ አለ፣ አንብቡት» ብሎ ወጣ። ካታሎግ ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ሁለት የምዝገባ ቅጽ ይዛ ወደ መጥረዣ ክፍሌ መጣች። መጭመቂያዬ ውስጥ አንድ ጥራዝ ሙጫው እስኪደርቅ ታስሮ ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ የቱን ልሙላ?»

አንደኛው የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ነው፤ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ አራት ዓመት። ሁለተኛው የቢሮ አስተዳደርና የመረጃ አያያዝ ይላል፤ ቅዳሜና እሁድ፣ ሦስት ዓመት።

«ልብሽ የቱ ላይ ነው?» አልኳት።

«የመጀመሪያው ላይ። ይሄን ሁሉ ዘመን በእጄ የሠራሁትን ሥራ በወጉ ልማረው ብዬ። ልጄም እሱን ሙዪ ብላኛለች። ግን አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ወጥቼ፣ በዚህ ጉልበቴ…»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ምክር ሲጠይቁኝ ደረቴን እነፋለሁ፤ ክፉ አመል ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ አንቺን ስለ መጽሐፍ ማን ያስተምርሻል? አስተማሪው ራሱ መጽሐፍ ሲጠፋበት የሚጠይቀው አንቺን ነው። ሰዎቹ የፈለጉት ወረቀት ነው፤ ቶሎ የሚደርሰውን ወረቀት አምጪላቸው። ደግሞስ መጽሐፍ መረጃ አይደለም እንዴ?» አልኳት። ሳቀች። የቤተ መጻሕፍት ሳይንሱን ቅጽ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላውን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ፣ በእኔ እስክሪብቶ ሞላችው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የሚባል አላወቀችም። ስለ ፋይል አከፋፈትና ስለ ቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ተማረች። ሰኞ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትገባና «የጸሐፊ ወንበር ከፍታው ስንት መሆን እንዳለበት አውቄ መጣሁ» ትለኛለች። አብረን እንስቃለን። ተመረቀች፤ እኔም የዲግሪዋን ማስቀመጫ በጥሩ ጨርቅ ጠርዤ ሰጠኋት።

ማስረጃዋን ባስገባች በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሳት። «የትምህርት መስክዎ ለሥራ መደቡ ተዛማጅ ሆኖ ስላልተገኘ» ይላል። ከሰኞ ጀምሮ ሥራዋ በር ላይ፣ ቦርሳ ማስቀመጫው ነው።

እኔ ደሜ ፈላ። የት ተጽፎ ነው፣ ማን ያወጣው ሕግ ነው እያልኩ ክፍሉን በአንድ እግሩ አቆምኩት። እሷ ወጣች፤ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ አንድ ወፍራም ጥራዝ ታቅፋ ተመለሰች። የመመሪያዎች ጥራዝ ነው። ጀርባው ቡናማ ጨርቅ፣ ክሩ ድርብ፤ የእጄን ስፌት ከሺህ መሃል አልስተውም። ገልጣ አሳየችኝ። ተቀባይነት ያላቸው የትምህርት መስኮች ሦስት ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አንደኛ ላይ ተቀምጧል። የእሷ የለም። ከሥር ደግሞ፣ እየተማሩ በቦታ የመቆየት ዕድል ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል። የኋላ ሽፋኑን ገለጥኩት። የጠረዝኩበትን ቀን ሁልጊዜ እዚያ እጽፋለሁ። ቅጹን የሞላችበት ቀን ነው። ያን ዕለት መጭመቂያው ውስጥ ታስሮ የነበረው፣ ከክርኗ አንድ ስንዝር የማይርቀው፣ እሱ ራሱ ነበር።

«አንተ ሰፋኸው፣ እኔ ደረደርኩት» አለች። «ሁለታችንም አላነበብነውም።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሰሞን ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የቸኮልኩት እኔ፣ የምትለቅመው እሷ።

በሷ ቦታ ዲግሪ ያለው አንድ ጎልማሳ ተቀጠረ። ክፉ ሰው አይደለም። በቀን አራት አምስቴ በር ድረስ ይመጣና «እትዬ፣ ስለ ንብ የሚለው የት ነው?» ይላታል። ቦርሳ እየተቀበለች፣ ቀና ሳትል ትነግረዋለች። ካርቶን ግን አያቆምም፤ መደርደሪያው እንደ ወላቃ ጥርስ ሆኗል። እሷ ወደዚያ አትገባም።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ክፍሌ መጣች። የተሞላ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ።

«ዘንድሮ ምክር አልጠየቅኩህም» አለች። «አንብብልኝ ብቻ። ድምፅህን እያሰማህ፣ አንድም ሳትዘል።»

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የትምህርት መስክ። የትምህርቱ ዘመን፣ አራት ዓመት። ዕድሜ የሚለው ላይ ስደርስ ሃምሳ አምስት ይላል። ጡረታችን በስልሳ ነው። ንባቡን ትቼ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«አስቤዋለሁ» አለችኝ። «ስጨርስ ሃምሳ ዘጠኝ። አንድ ዓመት መደርደሪያዬ ላይ እሠራለሁ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ።